ሆም ቴአትርና የውጭ አምፕሊፋየር፦ ሲግናሉ ከየት ይወሰድ?

ጥያቄ፦ «ቤቴ ቱሉ ዲምቱ ነው። ሳሎናችንን አስፋፍተነው አሁን 6 በ8 ሜትር ሆኗል። ባለ 5.1 ሆም ቴአትር አለኝ፤ ካርቶኑ ላይ 1000 ዋት ይላል፣ ስፒከሮቹ ላይ ደግሞ 3 ኦም ተጽፏል። ለበዓል እንግዳ ሲሞላ ድምፁ አልበቃ ስላለኝ ከመርካቶ ያገለገለ 2 በ200 ዋት አምፕሊፋየር ገዛሁ። የሆም ቴአትሩን የፊት ስፒከር ሽቦዎች ቆርጬ በአምፕሊፋየሩ ቀይና ነጭ መግቢያ ሳስገባቸው ሆም ቴአትሩ ‹ፕሮቴክት› ብሎ ይጠፋል። ከቴሌቪዥኑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ስወስድ ይሠራል፣ ግን ‹እምምም› የሚል ድምፅ አለው። ማታ ማታ መብራታችን ስለሚወርድ ይሆን? አምፕሊፋየሩስ ስፒከሮቹን ያቃጥልብኛል?»

ምላሽ፦

ከሁሉ በፊት ያንን ሽቦ ይንቀሉትና ሆም ቴአትሩን በራሱ ስፒከሮች ብቻ ያብሩት። እንደ ድሮው ከሠራ ተርፏል። «ፕሮቴክት» ማሽኑ መውጫው ላይ ሾርት ሲያገኝ ራሱን የሚያጠፋበት መከላከያ ነው። ሁልጊዜ ቀድሞ ይደርሳል ብለው ግን አይተማመኑ፤ «እስቲ አንዴ ደግሜ ልየው» ሲባል የተቃጠለ ማሽን ብዙ ነው። መብራቱ ለዚህኛው ጥፋት ተጠያቂ አይደለም፣ አምፕሊፋየሩም ጤነኛ ሊሆን ይችላል። ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ስለ ዋት ነው፤ ሥራው የሚበላሸው ግን ብዙውን ጊዜ ሲግናሉ ከሚወሰድበት ቦታ ነው። የእርስዎም ከዚያው ነው።

በካርቶን ተሟልተው የሚሸጡ ሆም ቴአትሮች ውስጥ ያለው ማጉያ አብዛኛውን ጊዜ ክላስ ዲ የሚባለው ዓይነት ነው። ለእያንዳንዱ ስፒከር ሁለት ማጉያዎች ፊት ለፊት ተያይዘው ይሠራሉ፤ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል። በዚህ አሠራር ማይነስ የሚባለው ሽቦ ግራውንድ አይደለም። ሙዚቃ በሌለበት ጊዜ እንኳ ሁለቱም ሽቦዎች ከማሽኑ ቦዲ አንጻር የውስጥ ፓወሩን ግማሽ ያህል ዲሲ ቮልት ይይዛሉ፤ ፓወሩ 24 ቮልት ከሆነ 12፣ 36 ከሆነ 18። ስፒከሩ የሚያየው የሁለቱን ልዩነት ብቻ ስለሆነ ምንም አይሆንም። የአምፕሊፋየርዎ ቀይና ነጭ መግቢያ ግን የውጭ ቀለበቶቻቸው እርስ በርስም ከቦዲውም ጋር የተገናኙ ናቸው። የግራውንና የቀኙን ማይነስ ቀለበቶቹ ላይ ሲያስሩ የሁለት የተለያዩ ማጉያዎችን መውጫ አንድ ላይ አጋጠሟቸው። በዚያ ላይ የሁለቱ ማሽኖች ቦዲ በኤችዲኤምአይ፣ በዲሽ ገመድ ወይም በኧርዝ በኩል ከተገናኘ፣ ያ 12 ወይም 18 ቮልት በቀጥታ ሾርት ሆነ ማለት ነው።

ይህን በቴስተር ማየት ይቻላል። ሆም ቴአትሩን ያብሩ፣ ድምፁን ዜሮ ያድርጉ፣ ቴስተሩን ዲሲ ላይ 200 ቮልት ደረጃ ላይ ያቁሙት። ጥቁሩን ዘንግ ከጀርባ ባለው የአርሲኤ (ቀይና ነጩ) መግቢያ የውጭ ቀለበት ላይ፣ ቀዩን በአንዱ ስፒከር ማይነስ ላይ ያሳርፉ። ከ8 እስከ 20 ቮልት ገደማ ካነበበ ከላይ የተባለው ዓይነት ነው፤ ያ ሽቦ ወደ ማንኛውም አርሲኤ መግቢያ በቀጥታ መሄድ የለበትም። ዜሮ ካነበበ ማሽኑን አጥፍተውና ከሶኬት ነቅለው በኦም ይድገሙት፤ ማይነሱና ቀለበቱ ተገናኝተው ከተገኙ የቆየው ዓይነት፣ ግራውንዱ የጋራ የሆነ ማጉያ ነው። በሚለኩበት ጊዜ ዘንጉ ተንሸራቶ ፕላስና ማይነሱን እንዳያገናኝ ይጠንቀቁ፤ የስፒከር ማስገቢያዎቹ በጣም የተጠጋጉ ናቸው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው «ታዲያ የመኪና ቴፕ የሚሠሩት የሚጠቀሙበት ኮንቨርተር አለ አይደል?» ይላል። አለ። ከስፒከር ሽቦ የሚመጣውን ከፍተኛ ሲግናል ወደ አርሲኤ ደረጃ የሚያወርድ ትንሽ ሳጥን ነው። ከገዙ ውስጡ ትራንስፎርመር ያለውን ይምረጡ፤ ሬዚስተር ብቻ ያለው እዚያው ሾርት ላይ ይመልስዎታል። ሻጩን መጠየቅ አያስፈልግም፤ በመግቢያው ማይነስና በአርሲኤው ቀለበት መካከል በኦም ይለኩ። ከተገናኘ አይግዙ፣ ክፍት ከሆነ ይሠራል።

ይሠራል ስል ግን ሾርት አያደርግም ማለቴ ነው እንጂ ድምፁ ያስደስትዎታል ማለቴ አይደለም። ምክንያቱ ይህ ነው፦ የሆም ቴአትርዎ የፊት ስፒከሮች ትንንሽ ስለሆኑ ማሽኑ ባሱን አስቀድሞ ይቆርጥና ወደ ሰብዉፈሩ ይልከዋል። መቁረጫው በእንዲህ ዓይነት ማሽኖች ብዙ ጊዜ ከ150 ኸርዝ በላይ ነው። ከፊት ስፒከር መውጫ የሚወስዱት ሲግናል እንግዲህ ከበሮውም ቤዝ ጊታሩም አስቀድሞ የወጣለት ነው። በዚያ ላይ 200 ዋት ቢጨምሩበት የሚያገኙት ጆሮ የሚበሳ ቀጭን ጩኸት ነው፤ በአምፕሊፋየሩ የባስ መቆጣጠሪያ ላድነው ቢሉም የሌለ ነገር አይጎላም። በካርቶን የሚሸጡት ማሽኖች ደግሞ «የፊት ስፒከሮቼ ትልልቅ ናቸው፣ ባሱን ላክልኝ» የሚባልበት ሴቲንግ አብዛኞቹ የላቸውም።

ስለዚህ ለእርስዎ የምመክረው ሲግናሉን ሆም ቴአትሩ ሳይነካው ከቴሌቪዥኑ እንዲወስዱ ነው። ከጀርባው ጠባብ አራት ማዕዘን ያለው፣ ክዳን የመሰለ ነገር የሚሸፍነው የኦፕቲካል መውጫ ይኖራል። ቴሌቪዥኑ ሲበራ ክዳኑን ገፋ ቢያደርጉት ውስጡ ቀይ ብርሃን ይታያል። የሚያስፈልግዎት የኦፕቲካል ገመድ፣ ኦፕቲካሉን ወደ ቀይና ነጭ የሚቀይር ዲጂታል ወደ አናሎግ ኮንቨርተር፣ እና ሁለት ጫፉ አርሲኤ የሆነ ገመድ ነው። አርሲኤውን አጭር ያድርጉት፣ 1 ሜትር ተኩል ይበቃል፤ ርቀቱን በኦፕቲካሉ ይሸፍኑት።

ይህ ክፍል ላይ ሰው የሚሰናከልባቸው ነገሮች ጥቃቅን ናቸው። አዲስ የኦፕቲካል ገመድ ሁለቱም ጫፍ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ትንሽ የፕላስቲክ ቆብ አለው፤ ሳይወልቅ ተገፍቶ የገባ ብዙ ነው፣ ከዚያ «ገመዱ አይሠራም» ይባላል። የቴሌቪዥኑ ዲጂታል ድምፅ ሴቲንግ «ፒሲኤም» ላይ መሆን አለበት፤ «አውቶ» ወይም «ዶልቢ» ላይ ከተተወ ርካሹ ኮንቨርተር ስለማይፈታው ወይ ዝም ይላል ወይ ይንጫጫል። ኮንቨርተሩ 5 ቮልት ይፈልጋል፤ ፓወሩን ከቴሌቪዥኑ ዩኤስቢ አይውሰዱ፣ ከሁለት እግር የስልክ ቻርጀር ይስጡት። ለምን እንደሆነ ስለ እምምታው ስናወራ ግልጽ ይሆናል። በመጨረሻ፣ በብዙ ቴሌቪዥኖች የኦፕቲካል መውጫው ድምፅ ቋሚ ነው፣ ሪሞቱ አይቀንሰውም። ድምፁን የሚመሩት በአምፕሊፋየሩ መዘውር ነው፤ እንግዲህ ማሽኑ ከእጅዎ ርቆ ጓዳ ውስጥ አይቀመጥ። ለሙዚቃ ብቻ ከሆነ ከስልክ በ3.5 ሚሊ ሜትር ጃክ ወደ አርሲኤ በሚወጣ ገመድ ቀጥታ ማስገባት ሁሉንም ያሳጥራል።

ሆም ቴአትሩንና አምፕሊፋየሩን አንድ ላይ ከፍቼ ሳሎኑን ልሙላው ካሉ አይመቸኝም። ሆም ቴአትሩ ድምፁን ፈትቶ እስኪያወጣ ጥቂት ይዘገያል፣ በኮንቨርተሩ የሚሄደው ቀድሞ ይደርሳል። ልዩነቱ ከ30 ሚሊ ሰከንድ ካለፈ ንግግሩ እንደ ገደል ማሚቶ ይደራረባል። ፊልም በሆም ቴአትሩ፣ ሙዚቃና እንግዳ በአምፕሊፋየሩ፤ መቀያየሪያው በቴሌቪዥኑ የድምፅ መውጫ ሴቲንግ ውስጥ አለ። ይህ አከፋፈል ቅር የሚያሰኝ ቢመስልም በተግባር የሚጎድልዎት ነገር ትንሽ ነው፤ የበዓል ሳሎን ውስጥ የኋላ ስፒከር ከየት አቅጣጫ እንደሚጮኽ የሚከታተል እንግዳ የለም።

ፕሪ-አውት የሚባል የአርሲኤ መውጫ ያለው ትልቅ የሆም ቴአትር ማጉያ ላላችሁ አንባቢዎች ግን ሥራው በጣም ቀላል ነው። በመጀመሪያ ቀዳዳው «ኢን» ሳይሆን «አውት» መሆኑን ያረጋግጡ። የፊት ግራና ቀኝ ፕሪ-አውት ወደ አምፕሊፋየሩ ግራና ቀኝ መግቢያ ይሄዳል፣ የፊት ስፒከሮቹ ከዋናው ማሽን ተነቅለው አምፕሊፋየሩ ላይ ይታሰራሉ፣ መካከለኛውና የኋላዎቹ ባሉበት ይቀራሉ። ሰብዉፈር ካለ የፊት ስፒከሮቹን «ስሞል»፣ መቁረጫውን 80 ኸርዝ ያድርጉ። ከዚያ የማሽኑን የሙከራ ድምፅ ከፍተው በመቀመጫዎ ቦታ ሁሉም ስፒከሮች እኩል እስኪሆኑ ደረጃቸውን ያስተካክሉ፤ የተለመደው መነሻ 75 ዴሲቤል ነው፣ የስልክ መለኪያ አፕ ለማነጻጸር ይበቃል። አምፕሊፋየሩ የመድረክ ዓይነት ሆኖ ባለ ሦስት እግር መግቢያ ብቻ ካለው፣ የአርሲኤው መሀል 2ኛው እግር ላይ፣ ቀለበቱ 1ኛና 3ኛው በአንድነት ላይ ይበየዳል። 3ኛው ተረስቶ ባዶ ከቀረ በብዙ አምፕሊፋየሮች ድምፁ ይዳከማል፣ እምምታም ይጨምራል።

አሁን ወደ ስፒከሮቹ። አዎ፣ ያቃጥልብዎታል። የሆም ቴአትሩ ትንንሽ ስፒከሮች 3 ኦም ናቸው፤ የአምፕሊፋየሩን ጀርባ ያንብቡ፣ ዝቅተኛው የሚፈቀደው 4 ወይም 8 ኦም ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ በታች ሲታሰርበት ከሚችለው በላይ አምፔር ይጠየቃል፣ ይግላል፣ ፊውዝ ይበላል ወይም የመውጫ ትራንዚስተሩ ይሄዳል። ሁለቱን በተከታታይ አስሬ 6 ኦም ላድርገው ቢሉም የስፒከሩ አቅም አይለወጥም፤ 8 ሳንቲ ሜትር የማትሞላ ወረቀት ባሱን ስትቀበል እስከ መጨረሻው ተወርውራ ትቀደዳለች። ሆም ቴአትሩ ላይ የኖሩት ባሱ እየተቆረጠላቸው ነው። ሰብዉፈሩም ፓወር የሌለው፣ ከዋናው ማሽን ብቻ የሚነዳ ስለሆነ በቦታው ይቆይ።

ካርቶኑ ላይ ስላለው 1000 ዋት፦ ማሽኑን ገልብጠው የፓወር ፍጆታውን የሚናገረውን ስቲከር ያንብቡ። 100 እና 150 ዋት መካከል የሚል ቢያገኙ አይገረሙ። ከሶኬት 120 ዋት የሚወስድ ዕቃ 1000 ዋት ድምፅ እያወጣ ሊቆይ አይችልም፤ የካርቶኑ ቁጥር ለቅጽበት፣ 10 በመቶ ድምፁ ተበላሽቶ፣ በአንድ ኖታ የተለካ ነው። ስለዚህ እርስዎ የገዙት 2 በ200 የእውነት ከሆነ ከሆም ቴአትሩ በጣም ይበልጣል። የእውነት መሆኑን ግን በክብደቱ ይጠርጥሩ፤ ትራንስፎርመር ያለው የዚህ አቅም አምፕሊፋየር ከባድ ነው፣ በአንድ እጅ እንደ መጽሐፍ የሚነሳ ከሆነ ቁጥሩ የተጋነነ ሊሆን ይችላል።

ገንዘብዎን የሚያወጡበት ቦታ ስፒከር ነው። ዋትን እጥፍ ማድረግ 3 ዴሲቤል ብቻ ይጨምራል፤ ለጆሮ ይሰማል እንጂ አያስደንቅም። ድምፁ እጥፍ ጮኸ እንዲባል 10 ዴሲቤል፣ ማለትም 10 እጥፍ ዋት ያስፈልጋል። ከስፒከሩ ጀርባ «ሴንሲቲቪቲ» የሚለውን ይፈልጉ፣ በ1 ዋት በ1 ሜትር ስንት ዴሲቤል እንደሚያወጣ ይነግርዎታል። የቤት ስፒከር 87 ገደማ ነው፣ ባለ 12 ኢንች የመድረክ ስፒከር 96 ሊደርስ ይችላል። ልዩነቱ 9 ዴሲቤል ነው፣ ይህም 8 እጥፍ ዋት ነው። ስለዚህ 87ቱ በ200 ዋት የሚጮኸውን 96ቱ በ25 ዋት ይጮኸዋል። ለ6 በ8 ሳሎን 8 ኦም የሆነ፣ 10 ወይም 12 ኢንች፣ ከ92 በላይ ሴንሲቲቪቲ ያለው ሁለት ስፒከር ይግዙና አምፕሊፋየርዎ ላብ ሳያወጣ ይሞላዋል። የስፒከሩ ቋሚ አቅም («አርኤምኤስ» የሚለው) ከ150 እስከ 300 ዋት ቢሆን ይስማማል። «ፒክ» የሚለውን ቁጥር አይቁጠሩት። አምፕሊፋየሩ ላይ «ብሪጅ» የሚል መቀያየሪያ ካለ «ስቴሪዮ» ላይ ይተዉት።

ለገመድ ብዙ አይጨነቁ፣ ግን በጣም ቀጭኑን አይጠቀሙ። 10 ሜትር ርቀት ሲሄድና ሲመለስ 20 ሜትር መዳብ ነው፤ በ2 በ1.5 ገመድ 0.23 ኦም፣ በ2 በ2.5 ደግሞ 0.14 ኦም ያህል ይሆናል። ለ8 ኦም ስፒከር 1.5ቱ ይበቃል፣ ለ4 ኦም 2.5ቱን ይውሰዱ። ሲገዙ ክሩን በምላጭ ፋቅ ያድርጉት፤ መዳብ ቀለም ተቀብቶ ውስጡ ነጭ ከሆነ አሉሚኒየም ነው፣ ሌላ ካላጡ እሱን አይግዙ፣ ካጡ አንድ ደረጃ ወፍራሙን ያድርጉ። የገመዱን ጫፍ ሲልጡ አንድ ሴንቲ ሜትር ይበቃል፤ አጥብቀው ያጠንጥኑት፣ ቢቻል በሶልደር ይያዙት። ወጥታ የቀረች አንዲት ክር ከጎረቤቷ ጋር ስትነካካ እንደገና ያው ፕሮቴክት ነው። ፕላስ ከፕላስ ማይነስ ከማይነስ መግባቱን ያረጋግጡ፤ አንዱ ከተገለበጠ ባሱ ይጠፋል። ምልክት የሌለው ስፒከር ካጋጠመ 1.5 ቮልት ባትሪ ለቅጽበት ነካ ያድርጉበት፤ ወረቀቱ ወደ ውጭ ከወጣ የባትሪው ፕላስ የነካው የስፒከሩ ፕላስ ነው።

አሁን ወደ «እምምም»። ይህ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ በግራውንድ በኩል የሚዞር የ50 ኸርዝ የመብራት ጅረት ነው፣ ዋናው አምጪ ደግሞ ዲሽ ነው። የዲሹ ገመድ ሽፋን ከጣሪያው ብረት ተነስቶ ወደ ሪሲቨሩ ቦዲ፣ ከዚያ በኤችዲኤምአይ ወደ ቴሌቪዥኑ፣ ከዚያ በጃኩ ወደ አምፕሊፋየሩ ይደርሳል። አምፕሊፋየሩ በሌላ ሶኬት በኩል የራሱ ኧርዝ ካለው ክቡ ተዘጋ። ለማረጋገጥ ሁሉንም ከሶኬት ነቅለው የዲሹን ገመድ ከሪሲቨሩ ይፍቱና መልሰው ያብሩ፤ እምምታው ከጠፋ ሌባው ተይዟል። ካልጠፋ በዚሁ መንገድ ኤችዲኤምአዩን፣ ከዚያ የጃኩን ገመድ ይንቀሉ፤ ምንም ሳይሰካበት ብቻውን የሚያንጎራጉር ከሆነ ችግሩ የአምፕሊፋየሩ የውስጥ ፊልተር ኮንደንሰር ነው፣ ወደ ሠሪ ይሂድ። የኦፕቲካል ገመድ ብርሃን እንጂ ኤሌክትሪክ ስለማያሳልፍ ይህን ክብ ከሥሩ ይቆርጠዋል። የኮንቨርተሩን ፓወር ከቴሌቪዥኑ ዩኤስቢ ከሰጡ ግን የተቆረጠውን መልሰው ቀጠሉት፤ ከላይ ቻርጀር ያልኩት ለዚህ ነው። ሁሉንም ዕቃ ከአንድ ማከፋፈያ መሰካትም ይረዳል።

የአምፕሊፋየሩን የኧርዝ እግር መቁረጥ ወይም በናስትሮ መሸፈን የሚመክርዎት ይኖራል። እምምታው ይጠፋ ይሆናል፣ አምፕሊፋየሩ አንድ ቀን ውስጡ ፌዝ ቦዲውን ሲነካ ግን ፊውዙን የሚያቃጥለው መንገድ አይኖርም፤ ያኔ መንገዱ የሚነካው ሰው ነው።

በዳርቻው ሰፈር አዳዲስ ቤቶች ደግሞ ሌላ ነገር አለ፦ ሶኬቱ የኧርዝ ከንፈር አለው፣ ከጀርባው ግን የተሳሰረ ሽቦ የለም። በዚህ ጊዜ የቴሌቪዥኑና የሪሲቨሩ ቦዲ በውስጥ ፊልተራቸው በኩል ወደ 110 የሚጠጋ ቮልት ይይዛል። አምፔሩ ትንሽ ስለሆነ አይገድልም፤ ሲነኩት ይነዝራል እንጂ። ነገር ግን የአርሲኤ ጃክ ሲሰካ ቀድሞ የሚነካው መሀሉ ነው፣ ቀለበቱ ኋላ ነው የሚደርሰው፤ በዚያች ቅጽበት ያ ቮልት በሲግናሉ መግቢያ ያልፋል። ስንት የቴሌቪዥን ኤችዲኤምአይና የአምፕሊፋየር መግቢያ የተቃጠለው በዚህ ነው። ሕጉ አጭር ነው፦ ማንኛውንም ገመድ ከማያያዝዎ በፊት ሁሉንም ከሶኬት ይንቀሉ፣ ማጥፋት አይበቃም። የኧርዝ ዘንግ ማስቀበር የኤሌክትሪሺያን ሥራ ነው፣ ከአምፕሊፋየሩ በፊት ቢሠራ ይሻላል።

የመብራቱ መውረድ እምምታ አያመጣም፣ አንድ ሁኔታ ሲቀር፦ ቮልቱ በጣም ወርዶ የውስጥ ሬጉሌተሩ መያዝ ሲያቅተው። መለያው ቀን ጤነኛ ሆኖ ማታ ብቻ ማጉረምረሙ ነው። ትራንስፎርመር ያለው አምፕሊፋየር ከ220 ወደ 180 ሲወርድበት አቅሙ ወደ ሁለት ሦስተኛ ይቀንሳል፤ አስደንጋጭ ይመስላል፣ በድምፅ ግን 2 ዴሲቤል አይሞላም። የሚያሰጋው መብራት ሄዶ ሲመለስ ያለው ከፍታ ነው። መብራት ሲሄድ አምፕሊፋየሩን በማብሪያው ያጥፉት፣ ከመጣ በኋላ አራት አምስት ደቂቃ ቆይተው ያብሩት። ስታቢላይዘር ከገዙ ማዘግየት የሚችለውን ይምረጡ። ለእርስዎ አምፕሊፋየር 1000 ቪኤ በስሌት ይበቃል፤ ስታቢላይዘርም እንደ ሆም ቴአትሩ ካርቶን ቁጥሩን ስለሚያጋንን 2000 የሚለውን ይውሰዱ። ከፍሪጅ ጋር አያጋሩት። የእንጀራ ምጣድ ብቻውን 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይወስዳል፤ በበዓል ዋዜማ ሰፈሩ ሁሉ ሲጋግር ቮልቱ የሚወርደው በዚህ ነው፣ አምፕሊፋየሩንና ምጣዱን በአንድ መስመር ማድረግ አይታሰብ።

አምፕሊፋየሩ ያገለገለ ስለሆነ ከመሰካትዎ በፊት የጀርባውን የቮልት መምረጫ ይመልከቱ፤ 110 ላይ ከቆመ ሲሰኩት ያልቃል። ከአሜሪካ የመጣና 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ ከአቅሙ እጥፍ የሆነ ማውረጃ ትራንስፎርመር ይፈልጋል፤ ያኔም ለ60 ኸርዝ የተሠራ ስለሆነ በእኛ 50 ኸርዝ ከወትሮው ይበልጥ ይሞቃል። ከተቻለ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያበሩት በ100 ዋት የድሮ ክር አምፖል በተከታታይ ያብሩት። አምፖሉ ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ደህና ነው፣ ደምቆ ከቀረ ውስጡ ሾርት አለ። ከዚያ አምፖሉን አውጥተው፣ ምንም ስፒከር ሳይታሰር፣ በስፒከር መውጫው ላይ ዲሲ ይለኩ። ከ50 ሚሊ ቮልት በታች ጥሩ ነው፣ ከ100 በላይ ያጠራጥራል፣ ሙሉ ቮልት ካሳየ ስፒከር አያስነኩት፤ የመጀመሪያው የሚቃጠለው እሱ ነው።

ሁሉም ከተሰካ በኋላ የአምፕሊፋየሩን መዘውር ዜሮ ላይ አድርገው መጀመሪያ ቴሌቪዥኑንና ኮንቨርተሩን፣ በመጨረሻ አምፕሊፋየሩን ያብሩ። ሲያጠፉ አምፕሊፋየሩ ይቅደም፤ ካልሆነ «ጧ» የሚለው ድምፅ ስፒከሩን ይመታዋል። ከስልክ ወይም ከጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ከሆነ የምንጩን ድምፅ ከአራት ሦስት እጅ ላይ ያቁሙት፣ ከዚያ አምፕሊፋየሩን ቀስ ብለው ያንሱ። ምንጩ ዝቅ ብሎ አምፕሊፋየሩ ብቻ ከተከፈተ «ሽሽሽ» የሚለው ይጎላል። ድምፁ መሻከር ከጀመረ ወደ ኋላ ይመለሱ፤ የሻከረ ድምፅ ከትልቅ ድምፅ ይልቅ ትዊተርን (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣውን ትንሽ ስፒከር) ቶሎ ይበላል።

አምፕሊፋየሩን ቡፌ ውስጥ አይዝጉበት፤ ከላዩ ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ክፍት ይሁን። ያለንበት ከፍታ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ማሽንን የማቀዝቀዝ አቅሙ ከባሕር ጠለል ያነሰ ነው። አንዳንድ የቻይና ዕቃዎች ጀርባ ላይ ተራራና 2000 ሜትር የሚል የሦስት ማዕዘን ምልክት የሚለጠፈውም ስለ ከፍታ ነው። መንገዱ አስፋልት ካልሆነ ደግሞ ማራገቢያው አቧራ ቶሎ ይይዛል፣ ነቅለው በብሩሽ ያጽዱት።

ስለ ክፍሉ አንድ ነገር ልጨምር። የቆርቆሮ ጣሪያና የቺፕውድ ኮርኒስ ከ12 ኢንች ስፒከር ጋር ይንጫጫል፣ ብዙ ሰውም ስፒከሩ የተቀደደ ይመስለዋል። ስልክዎ ላይ የቃና ማመንጫ አፕ ጭነው ከ40 እስከ 120 ኸርዝ ቀስ እያሉ ያሳልፉ። አንድ ቦታ ላይ ጩኸቱ ሲጀምር ቁጥሩን እዚያው ይተዉትና ሌላ ሰው ኮርኒሱን፣ የመስኮቱን መስታወት፣ የቡፌውን በር አንድ በአንድ በእጁ ይጫን። ሲጫን ዝም ያለው እሱ ነው፤ ኮርኒስ ከሆነ ሚስማሩን በብሎን ይተኩት፣ መስታወት ከሆነ ሲልከን ይሙሉበት። ስፒከሮቹንም ከጥግ ግማሽ ሜትር ያህል ያርቋቸው፤ በሴራሚክ ወለልና በተለሰነ ብሎኬት መካከል ጥግ ላይ የተቀመጠ ስፒከር ባሱ ይጎርፋል፣ ንግግሩ አይሰማም።